ከወላጅ የሚወረሱ ጥቃቅን ልዩነቶች የካንሰርን ጉዞ ይመራሉን?

ካንሰር ወደ አንድ ቤት ሲገባ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «ከየት መጣ?» የሚል ነው። አንዱ «በዘራችን የለም» ብሎ ይገረማል፤ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያታችንም እኮ በዚያ ክፉ በሽታ ነው ያለፈችው» ሲል ያስታውሳል። ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ዕድሜያቸው የተቀራረበ፣ የዕጢያቸው መጠን እኩል የሆነ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት የወሰዱ ሁለት ሴቶች ይኖራሉ፤ አንደኛዋ ድና ልጆቿን ታሳድጋለች፣ በሁለተኛዋ ላይ ግን በሽታው ከዓመታት በኋላ በሳንባ ወይም በአጥንት ተመልሶ ይገለጣል። ሁለቱን የለያቸው ምንድን ነው?

ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ መልሱን የፈለጉት በዕጢው ጠባይ ውስጥ ነበር። በቅርብ ዓመታት የታተሙ ጥናቶች ግን የመልሱ ከፊል ዕጢው ከመፈጠሩ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ሰው ከእናትና ከአባቱ በተቀበለው ዘረመል ውስጥ ሊገኝ እንደሚችል ያመለክታሉ። የሚጠቀሱትም ጥቂት ቤተሰቦችን ብቻ የሚያጠቁ ከባድ የጂን ጉድለቶች አይደሉም። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጤነኛ ሰዎች ሳያውቁት ይዘዋቸው የሚኖሩ የተለመዱ ልዩነቶችም ጭምር ናቸው።

ዘርና አፈር

የሰው ልጅ ዘረመል በአራት ኬሚካላዊ ፊደላት የተጻፈ ረጅም መጽሐፍ ይመስላል። ከአንድ ወላጅ የሚመጣው ቅጂ ብቻ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጉ ፊደላትን ይይዛል። የማንኛውም ሰው ዘረመል ለማመሳከሪያ ከተዘጋጀው ቅጂ ጋር ሲነጻጸር ከ4 እስከ 5 ሚሊዮን በሚደርሱ ቦታዎች ላይ ይለያል። አብዛኞቹ ልዩነቶች ጉዳትም ጥቅምም የላቸውም። ጥቂቶቹ የቆዳን ቀለም፣ ቁመትን ወይም ወተት የመፍጨት ችሎታን ይወስናሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሰውነት መርዝን በምን ፍጥነት እንደሚያስወግድ፣ የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ ምንን እንደ ጠላት እንደሚቆጥርና መድኃኒት በጉበት ውስጥ እንዴት እንደሚለወጥ ይመራሉ።

ካንሰርን በተመለከተ ሁለት ዓይነት ለውጦችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በዕድሜ ዘመን የሚከሠት ነው። የትምባሆ ጭስ፣ የፀሐይ ጨረር፣ አንዳንድ ቫይረሶች፣ ወይም ሕዋስ ራሱን ሲያባዛ የሚሠራው የመገልበጥ ስሕተት የአንድን ሕዋስ ዘረመል ያበላሻል። እነዚህ ስሕተቶች ሲደራረቡ ሕዋሱ ከሥርዓት ወጥቶ ያለ ልክ መባዛት ይጀምራል። ይህ ዓይነቱ ለውጥ በዕጢው ውስጥ ብቻ የሚገኝ በመሆኑ ለልጅ አይወረስም። ሁለተኛው ከመፀነስ ጀምሮ በእያንዳንዱ የሰውነት ሕዋስ ውስጥ የሚገኝና ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ልዩነት ነው።

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ስቲቨን ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1889 ካንሰር ከመነሻው ተነሥቶ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚዛመትበትን መንገድ ለማስረዳት የገበሬን ምሳሌ ተጠቅሞ ነበር። ዘር በየአቅጣጫው ይበተናል፤ የሚበቅለው ግን በሚስማማው አፈር ላይ ብቻ ነው። የዛሬዎቹ ጥናቶች ይህን ምሳሌ ወደፊት ወስደውታል። በዕድሜ ዘመን የተበላሸው ሕዋስ ዘሩ ከሆነ፣ ከወላጅ የተወረሰው ዘረመል አፈሩን ከሚያዘጋጁት ነገሮች አንዱ ነው።

የመንትዮች ምስክርነት

ውርስ በካንሰር ላይ ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ለመለካት ተመራማሪዎች ወደ መንትዮች ተመልክተዋል። ከአንድ ዕንቁላል የተፈጠሩ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ነው ሊባል ይችላል፤ ከሁለት ዕንቁላል የተፈጠሩት ግን እንደማንኛውም እኅትና ወንድም ግማሹን ብቻ ይጋራሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በስዊድን፣ በዴንማርክና በፊንላንድ የሚገኙ 44,788 ጥንድ መንትዮችን የተከታተለ ጥናት ታተመ። በጥናቱ መሠረት በሰዎች መካከል ለሚታየው የአደጋ ልዩነት የውርስ ድርሻ በፕሮስቴት ካንሰር 42 ከመቶ፣ በትልቁ አንጀት ካንሰር 35 ከመቶ፣ በጡት ካንሰር ደግሞ 27 ከመቶ ነበር።

እነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይናገራሉ። ውርስ ችላ የሚባል ጉዳይ አይደለም። በአንጻሩ በሦስቱም በሽታዎች ከግማሽ በላይ የሆነው ድርሻ ከውርስ ውጭ ነው፤ የአኗኗር፣ የአካባቢና የአጋጣሚ ጉዳይ ነው። አንድ መንትያ ታምሞ፣ ዘረመሉን የሚጋራው ወንድሙ ጤነኛ ሆኖ ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል።

ከታወቁት ጂኖች ባሻገር

በውርስ ስለሚመጣ ካንሰር ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው «ቢአርሲኤ1» የተባለው ጂን ነው። አሜሪካዊቷ የዘረመል ተመራማሪ ሜሪ ክሌር ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1990 ይህ ጂን በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ እንደሚገኝ አሳየች፤ ጂኑ ራሱ በ1994 ተለይቶ ታወቀ። ጉድለት ያለበትን ይህን ጂን የወረሰች ሴት እስከ 80 ዓመቷ ድረስ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ 72 ከመቶ ያህል እንደሆነ ሰፊ ጥናቶች ገምተዋል። ይሁን እንጂ ከጠቅላላው የጡት ካንሰር መካከል እንዲህ ባሉ ከባድ ጉድለቶች የሚመጣው ከ5 እስከ 10 ከመቶ ብቻ ነው። ታዲያ የቀረው የቤተሰብ ዝንባሌ ከየት ይመጣል?

መልሱ መገለጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ2006 እና 2007 ወዲህ ነው። የአይስላንድ ተመራማሪዎች በ8ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኝ አንድ የተለመደ ልዩነት ከፕሮስቴት ካንሰር ጋር እንደሚያያዝ አመለከቱ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በብዙ ሺሕ የሚቆጠሩ ሴቶችን ዘረመል ያነጻጸረ ዓለም አቀፍ ጥናት ከጡት ካንሰር ጋር የተያያዙ አምስት ቦታዎችን ይፋ አደረገ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በፍጥነት አድጎ ለጡት ካንሰር ብቻ ከ150 በላይ ቦታዎች ታውቀዋል።

እነዚህ ልዩነቶች አንድ በአንድ ሲታዩ ጉልበታቸው አነስተኛ ነው። አብዛኞቹ አደጋውን የሚጨምሩት ወይም የሚቀንሱት በጥቂት መቶኛ ብቻ ነው። ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በአንድ ሰው ላይ ሲደማመሩ ትርጉም ያለው ለውጥ ያመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሴቶች ላይ የተዘጋጀ አንድ የድምር ስሌት 313 ልዩነቶችን በአንድነት መዝኗል። በስሌቱ ከላይኛው አንድ መቶኛ ውስጥ የሚመደቡ ሴቶች በሕይወት ዘመናቸው በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋል፤ ከታችኛው አንድ መቶኛ የሚመደቡት ግን 2 ከመቶ ያህል ብቻ ነው።

ጭሱና ጉበቱ

የተወረሰ ልዩነት ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሠራም፤ የሚያነሣሣው ነገር ይፈልጋል። ለዚህ ግልጽ ከሆኑት ምሳሌዎች አንዱ የሽንት ፊኛ ካንሰር ነው። በጉበት ውስጥ «ናት2» በተባለ ጂን የሚታዘዝ ኢንዛይም አለ። ከሥራዎቹ አንዱ በትምባሆ ጭስና በአንዳንድ የፋብሪካ ቀለሞች ውስጥ የሚገኙ መርዛማ ውሕዶችን ማክሸፍ ነው። በብዙ ሕዝቦች ዘንድ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በምሥራቅ አፍሪካም ጭምር፣ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሰው የዚህን ጂን ዝግተኛ ዓይነት ይወርሳል። መርዙ ቶሎ ስለማይከሽፍ በሽንት ፊኛ ውስጥ የመቆየት ዕድል ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በስፔን የተደረገ ሰፊ ጥናት ዝግተኛውን ዓይነት የወረሱ ሰዎች በሽንት ፊኛ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በ40 ከመቶ ያህል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ዋናው ነጥብ ግን የሚከተለው ነው። አደጋው ጎልቶ የታየው በአጫሾች ላይ ነው። ጨርሶ በማያጨስ ሰው ላይ ያው ጂን ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላሳየም። ጂኑን መለወጥ አይቻልም፤ ሲጋራውንና ሺሻውን መተው ግን ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ሦስት የምርምር ቡድኖች በ15ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኝ አንድ የተለመደ ልዩነት ከሳንባ ካንሰር ጋር እንደሚያያዝ በተመሳሳይ ወቅት አስታወቁ። ቦታው አንጎል ኒኮቲንን የሚቀበልባቸውን ጂኖች ይዟል። ልዩነቱን የወረሱ አጫሾች በቀን የሚያጨሱት ሲጋራ በአማካይ የበዛ ነው፤ ለመተውም የበለጠ ይቸገራሉ። ማጨስ ለማቆም ደጋግሞ ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ሁሉ ፈቃደ ደካማ ነው ማለት እንደማይቻል፣ ይልቁንም የሐኪም ድጋፍ ሊያስፈልገው እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዕጢው ከተፈጠረ በኋላ

እስከዚህ የተነገረው ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉን የሚመለከት ነው። የተወረሰ ዘረመል ዕጢው ከተፈጠረ በኋላም በበሽታው ጉዞ ላይ ጣቱን ያስገባል የሚለው ሐሳብ ግን አዲስና ብዙዎችን ያስገረመ ነው።

በኒው ዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የሶሃይል ታቫዞኢ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2020 «ኤፒኦኢ» ስለተባለው ጂን ያገኘውን ውጤት አሳተመ። ይህ ጂን በሰዎች ዘንድ በሦስት ዓይነት ይገኛል። አራተኛው ቁጥር የተሰጠው ዓይነት በእርጅና ዘመን ለሚመጣው የአልዛይመር የመርሳት በሽታ የሚያጋልጥ በመሆኑ በክፉ ስሙ ይታወቃል። ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር በተያዙ ሰዎች ላይ የታየው ግን ተቃራኒው ነው። አራተኛውን ዓይነት የወረሱት የተሻለ ዕድሜ ኖረዋል፤ ሁለተኛውን ዓይነት የወረሱት ግን ውጤታቸው ዝቅተኛ ነበር። በአይጦች ላይ በተደረገው ሙከራም አራተኛው ዓይነት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ዕጢውን በብርቱ እንዲያጠቁ አድርጓል። በአንድ በሽታ የሚጎዳ ውርስ በሌላው ሊጠቅም ይችላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ግኝት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካትሊን ሁላሃንና ክሪስቲና ከርቲስ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 በ«ሳይንስ» መጽሔት ያወጡት ነው። ወደ 6,000 የሚጠጉ የጡት ካንሰር ዕጢዎችን መርምረዋል። ጥያቄያቸው አንዲት ሴት ለምን በአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር እንጂ በሌላ ዓይነት እንዳልተያዘች የሚመለከት ነበር።

ሕዋሳት በውስጣቸው የሚሠሩትን ፕሮቲን ቆራርጠው በገጻቸው ላይ ያሳያሉ። የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ ጠባቂ ሕዋሳትም እንደ ድንበር ተቆጣጣሪ እነዚህን ቁርጥራጮች እየመረመሩ ያልፋሉ። አንዳንድ ሴቶች የወረሱት የጂን ዓይነት ለጠባቂዎቹ ዓይን የሚገባ ቁርጥራጭ ያወጣል። ለምሳሌ «ኸር-2» የተባለው ጂን ከልክ በላይ ሲበዛ አንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ያመጣል። በዚህ ጂን ላይ ጎልቶ የሚታይ ቁርጥራጭ የሚያወጣ ልዩነት የወረሰች ሴት ሕዋሷ «ኸር-2»ን ማብዛት በጀመረ ጊዜ ጠባቂዎቹ ቶሎ ይደርሱበታል። ስለዚህ በዚያ ዓይነት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ይህ ሁሉ ጥበቃ እያለ ዕጢው ከጠባቂዎቹ አምልጦ ካደገ፣ መደበቅን የተካነ ይሆናል። እንዲህ ባሉ ሴቶች ላይ በሽታው ይበልጥ ኃይለኛና ለመዳን የሚያስቸግር ሆኖ ታይቷል። በመጀመሪያ ጋሻ የነበረው ውርስ በኋላ የከፋ ጠላትን መርጦ ያስቀረ ወንፊት ይሆናል። «ጥሩ ጂን» እና «መጥፎ ጂን» የሚለው ቀላል አከፋፈል ለምን እንደማይሠራ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ አይገኝም።

ሦስተኛው ግኝት ዳግም ከሮክፌለር የወጣ ሲሆን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በ«ሴል» መጽሔት ታትሟል። ጉዳዩ «ፒሲኤስኬ9» የተባለው ጂን ነው፤ ይህ ጂን በደም ውስጥ ያለውን የኮሌስትሮል መጠን በመቆጣጠር ይታወቃል። የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሴቶች 70 ከመቶ ያህሉ የሚወርሱት አንድ የተለመደ ዓይነት የጡት ካንሰር ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል እንዲዛመት የሚያግዝ ሆኖ ተገኝቷል። በስዊድን ታካሚዎች መረጃ መሠረት ይህን ዓይነት ከሁለቱም ወላጆች የወረሱ ሴቶች በ15 ዓመት ውስጥ በሽታው የመዛመት ዕድሉ 22 ከመቶ ሲሆን፣ በሌሎቹ ላይ 2 ከመቶ ነበር። ለኮሌስትሮል ሕክምና ቀድሞ በሥራ ላይ የዋለ ይህንኑ ፕሮቲን የሚያግድ መድኃኒት በአይጦች ላይ ሲሞከር ሥርጭቱን ቀንሷል። በሰው ላይ ይህን ጥቅም መስጠቱ ገና በክሊኒክ ሙከራ መረጋገጥ ይኖርበታል፤ ሆኖም የተወረሰው አፈር ራሱ ሊታከም የሚችልበት ዕድል እንዳለ ይጠቁማል።

ከአዲስ አበባ እስከ ሪያድ

ከላይ የተጠቀሱት ጥናቶች አብዛኞቹ የተሠሩት በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ ግምገማ እንዳመለከተው በዓለም ላይ በተደረጉ ታላላቅ የዘረመል ንጽጽሮች ከተሳተፉት ሰዎች 81 ከመቶው የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ነበሩ፤ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ድርሻ 3 ከመቶ ብቻ ነበር። በመሆኑም ለስዊድናዊት የተሰፋ ልብስ ለወሎ ወይም ለሐረር ሴት ልክ እንደማይሆን ሁሉ፣ በእነዚያ መረጃዎች የተሠራ የድምር ስሌትም በሌሎች ሕዝቦች ላይ ትክክለኛነቱ ይቀንሳል።

ልዩነቱ በአፍሪካ ውስጥም አለ። ከጋና፣ ከኢትዮጵያና ከአሜሪካ የተሰበሰቡ የጡት ካንሰር ናሙናዎችን ያነጻጸረ ጥናት «ሦስቴ ኔጌቲቭ» በመባል የሚታወቀውንና ለሆርሞን ሕክምና የማይመልሰውን ዓይነት ከጋናውያን ታካሚዎች ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ አግኝቷል። በኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ላይ ግን 15 ከመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከነጭ አሜሪካውያን ጋር የሚቀራረብ ነው። «አፍሪካዊ» የሚለው ስያሜ ብቻውን ለሐኪም በቂ መረጃ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል። በአዲስ አበባ የታዩ ታካሚዎች አብዛኞቹ ለሆርሞን ሕክምና የሚመልስ ዓይነት ዕጢ ያላቸው በመሆኑ፣ ታሞክሲፈን የተባለው ርካሽ ክኒን ለብዙዎቹ ሊጠቅም ይችላል።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያንና የዓረብ ባሕረ ሰላጤን የሚያገናኝ አንድ ጂን አለ። «ሲዋይፒ2ዲ6» የተባለው የጉበት ኢንዛይም ታሞክሲፈንን ወደ ብርቱ መልኩ ይለውጠዋል። ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣችው ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶው የዚህን ጂን ተጨማሪ ቅጂ የወረሱ ሆነው ተገኝተዋል። በቀጣዩ ዓመት በሳዑዲ ዓረቢያ የተደረገ ጥናትም ከአምስት ሰው በአንዱ ላይ ይህንኑ አሳይቷል። በሰሜን አውሮፓ ድርሻው ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው። ቀይ ባሕርን እየተሻገሩ ለሺሕ ዓመታት የተዛመዱ ሕዝቦች በጉበታቸውም ውስጥ የዝምድና ምልክት ይዘዋል ለማለት ያስደፍራል።

ተጨማሪ ቅጂ ያለው ሰው አንዳንድ መድኃኒቶችን በጣም ፈጥኖ ይለውጣል። ኮዴይን የተባለው የሕመም ማስታገሻ በሰውነት ውስጥ ወደ ሞርፊን የሚለወጠው በዚሁ ኢንዛይም ነው፤ ስለዚህ የተለመደው መጠን ለእንዲህ ያለው ሰው ከልክ ሊያልፍና ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል። የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ኮዴይን ከአገልግሎት እንዲወጣ ወስኗል። ታሞክሲፈንን በተመለከተ ሥጋቱ ተቃራኒ ነው፤ ኢንዛይሙ በውርስ ደካማ በሆነባቸው ወይም በሌላ መድኃኒት በታገደባቸው ሴቶች ላይ ክኒኑ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ለድብርት የሚታዘዙት ፓሮክሴቲንና ፍሉኦክሴቲን ኢንዛይሙን ከሚያግዱት መካከል ናቸው። ለሁሉም ታካሚ የጂን ምርመራ ይደረግ ወይስ አይደረግ በሚለው ላይ የሕክምና ማኅበራት ገና አንድ አቋም ላይ አልደረሱም። ታካሚዋ የምትወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ለሐኪሟ መንገሯ ግን ምንም ክርክር የሌለበት ጉዳይ ነው።

ሌላው ምሳሌ ከደም ጋር የተያያዘ ነው። በአፍሪካና በዓረብ ባሕረ ሰላጤ ብዙ ሰዎች በቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ «ዳፊ» የተባለው ፕሮቲን የለም። ይህ ውርስ ቫይቫክስ ከተባለው የወባ ዓይነት ይከላከላል። ከሁለቱም ወላጆች የወረሱት ሰዎች ደግሞ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳታቸው በተፈጥሮ አነስ ያለ ቁጥር አላቸው፤ ጤናቸው ግን የተሟላ ነው። የኬሞቴራፒ መጠን የሚወሰነው ወይም ቀጠሮው የሚራዘመው በእነዚህ ሕዋሳት ቁጥር ነው። ይህን የማያውቅ ሐኪም ጤነኛውን ዝቅተኛ ቁጥር እንደ አደጋ ቆጥሮ ለታካሚው የሚገባውን ሕክምና ሊቀንስበት ወይም ሊያዘገይበት ይችላል። እዚህ ላይ ጉዳት የሚያመጣው ውርሱ ሳይሆን የዕውቀቱ ማነስ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተጀመሩ ጥረቶች አሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ የሰው ልጅ ዘረመል ፕሮግራሟን እ.ኤ.አ. በ2013 አስጀምራለች። ኳታር የራሷን ፕሮግራም እያካሄደች ሲሆን፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶችም የ1 ሚሊዮን ዜጎችን ዘረመል ለመሰብሰብ አቅዳ እየሠራች ነው። በአፍሪካም በዓለም አቀፍ ድጋፍ የተቋቋሙ የዘረመል ጥናት መረቦች ነበሩ። የባሕረ ሰላጤው ፕሮግራሞች ዋና ትኩረት የየአገሩ ዜጋ ነው፤ ሆኖም ከቀይ ባሕር ማዶ ለመጡ ጎረቤቶችም የሚጠቅም ዕውቀት ከዚያ መገኘቱ አይቀርም። በጥናት ውስጥ ያልተቆጠረ ሕዝብ የሚታከመው በሌላው ልክ በተሰፋ መድኃኒት ነው።

የቤተሰብ ታሪክ፤ በእጅ ያለው ምርመራ

ከላይ የተዘረዘሩት አብዛኞቹ የዘረመል ምርመራዎች ዛሬ በየክሊኒኩ የሚገኙ አይደሉም። ለሁሉም ሰው ክፍት የሆነና ገንዘብ የማይጠይቅ አንድ ምርመራ ግን አለ፤ እርሱም የቤተሰብን የጤና ታሪክ ማወቅ ነው። በጅዳ፣ በዱባይ ወይም በቤሩት ለሥራ የምትኖር ሴት ወደ አገር ቤት ስትደውል እናቷን ወይም አክስቷን ልትጠይቅ የምትችለው ነገር ነው። በካንሰር የታመመው ማን ነበር? የትኛው የሰውነት ክፍል ነው? በሽታው ሲታወቅ ዕድሜው ስንት ነበር?

በብዙ ቤተሰብ የነቀርሳ ስም በግልጽ አይጠራም፤ ሟች «ለረጅም ጊዜ ታሞ» አለፈ ይባልና ታሪኩ ከሰውዬው ጋር ይቀበራል። ይሉኝታው የተከበረ ቢሆንም ዋጋ ያስከፍላል። ከ50 ዓመት በታች የጡት ካንሰር የያዛት እናት ወይም እኅት ያላት፣ በአንድ ወገን ሁለትና ከዚያ በላይ ዘመዶቿ የታመሙባት፣ ወይም የጡት ካንሰር የያዘው ወንድ ዘመድ ያላት ሴት ይህን ለሐኪም ብትናገር ክትትሏ ቀደም ብሎ ሊጀመር ይችላል። የአባት ወገንም ከእናት ወገን እኩል ይቆጠራል፤ ከባድ የጂን ጉድለት በአባት በኩልም ይተላለፋልና።

በተቃራኒው «በዘራችን የለም» የሚለው አባባል ለመዘናጋት ምክንያት ሊሆን አይገባም። የጡት ካንሰር የያዛቸው አብዛኞቹ ሴቶች በቅርብ ቤተሰባቸው ይህ በሽታ አልነበረም። በኢትዮጵያ ብዙ ታካሚዎች ወደ ሕክምና የሚመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ተቋም ነበር። የማያም አዲስ እብጠት፣ የጡት ቆዳ መሰርጎድ፣ ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም፣ በሽንት ውስጥ የሚታይ ደም፣ ሰንብቶ የማይለቅ ሳል፤ እነዚህ በማንም ላይ ቢታዩ የጂን ውጤት ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች ናቸው። ቀድሞ የተገኘ ዕጢ፣ የተወረሰው አፈር ምንም ዓይነት ቢሆን፣ የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነው።

በበይነ መረብ የሚሸጡ የዘረመል መመርመሪያዎችም ጥንቃቄ ይሻሉ። ብዙዎቹ የሚመዝኑት በአውሮፓ ሕዝቦች መረጃ ነው፤ «አደጋ የለብህም» የሚል ውጤትም ሐሰተኛ መረጋጋት ሊፈጥር ይችላል። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትን ያለ ምክር ማቆም ወይም መለወጥ ደግሞ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

በመግቢያው ወደተጠቀሱት ሁለት ሴቶች ስንመለስ፣ የለያቸው ነገር አንድ ብቻ እንዳልሆነ ግልጽ ይሆናል። አንደኛዋ ከእናቷ የወረሰችው ፊደል ረድቷት ይሆናል፤ ሁለተኛዋ የወረሰችው ፊደል ዕጢው የሚሸሸግበትን ጥላ ሰጥቶት ይሆናል። ነገር ግን የመጀመሪያዋ እብጠቱን ባየች በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ሄዳ፣ ሁለተኛዋ የሥራ ፈቃድ እስክታገኝ ዓመት ጠብቃ ሊሆንም ይችላል። ፊደሉን ማንም መርጦ አይወለድም። የቤተሰብን ታሪክ መጠየቅ፣ ጭሱን መተው፣ ምልክት ሲታይ አለመዘግየትና የአሠሪም ሆነ የቤተሰብ ድጋፍ በጊዜው መድረሱ ግን በሰው እጅ ያሉ ነገሮች ናቸው።